ኩየራ ብለሽ የሰየምሻት መንኮራኩር

ማርትዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዓመት ሲሞላ ይቀልልሃል ብለውኝ ነበር። አልቀለለኝም። ይህን ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ አንዱ ለሌላው ሲያቀብለው እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር ነው። ብትኖሪ «ደግሞ ከሚያጽናኑህ ሰዎች ጋር ልትጣላ ነው?» ትዪኝ ነበር። ተጣልቻለሁ፤ ከብዙዎቹ ጋር።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ለለቅሶው የወጣው ሶፋ ተመልሶ ሲገባ በነበረበት በኩል አልገባም። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። እኔም አላስተካከልኩትም፤ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ሰዓት እያየሁ እህል የማይወርድልኝ እኔ። ፓፓያዋን ነፋሱ ገንድሶ ጣላት። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው። ሊዲያ በየሳምንቱ ከሐዋሳ ትደውላለች። «አባዬ፣ ቤቱን አከራየውና እኛ ጋ ና» ትላለች፤ እኔ «እስቲ እናያለን» እላለሁ፤ እንደማላይ ሁለታችንም እናውቃለን። ሥራዬም ያው ነው። ለቦሎ የሚመጡትን መኪኖች ፍሬን እፈትሻለሁ፣ የማይዘውን እመልሳለሁ፣ ባለ ተሳቢዎቹ ይረግሙኛል። ድሮ ቤት ገብቼ እርግማናቸውን ስደግምልሽ ትስቂ ነበር። አሁን ይዤው አድራለሁ።

ኮምፒውተሩ ግን በቦታው ነው። የምጽፍልሽም በእሱ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው ይህን ቢያነበው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው መሐንዲስ ለሞተች ሚስቱ ስለ ጌም ይጽፋል ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። እኛ በዚያ ሳሎን ውስጥ የተነጋገርነውን ያህል የሚነጋገሩ ባልና ሚስት ብዙ አላየሁም፤ የተነጋገርነውም ስለ ታንክና ስለ መንኮራኩር ነበር።

የጀመርነው ሊዲያ አግብታ ስትሄድ ነው። ኮምፒውተሯን ከነጌሞቹ ትታልን ሄደች። ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንዱን የታንክ ጌም ከፈትኩና ወዲያው ተናድጄ ተነሣሁ። አርባ ቶን ብረት እንደ ባጃጅ ባለበት ይሽከረከራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ስንዝር አይንሸራተትም። «ይሄን የሠራው ሰው ከባድ መኪና ነድቶ አያውቅም» ስልሽ፣ ከምታርሚው የፊዚክስ ፈተና ላይ ቀና ሳትዪ «ኢንስፔክተር፣ ቦሎውን ጠይቀዋ» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ኢንስፔክተር ሆኖ ቀረ። አሁን በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም።

አቋሜን አልቀየርኩም። የተሽከርካሪ ውጊያ ጌም ከሚሠሩት አብዛኞቹ ክብደት ምን እንደሆነ አያውቁም። ጣሪያቸው ላይ መትረየስ የተከሉ መኪኖች የሚዋጉበትን ታስታውሻለሽ፤ መትረየሱ ሲንጣጣ መኪናው አይነቃነቅም፣ ጎማው አይጎብጥም፣ ዞሮ ሲታጠፍም አይዘነብልም። ታንኮቹ ላይ ደግሞ ቁጥር ይጽፉባቸዋል። ጥይት ሲመታቸው ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ሌላ የሚደርስባቸው ነገር የለም። ሰንሰለታቸው አይበጠስም፣ ሞተራቸው አይሞቅም፣ አንድ ቁጥር እስኪቀራቸው ድረስ እንደ አዲስ ይነዳሉ፤ ከዚያ በአንዴ ይፈነዳሉ። እኔ በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ያለ ተሽከርካሪ አላየሁም። መኪና የሚሞተው በክፍል በክፍሉ ነው። መጀመሪያ ፍሬኑ ይለግማል፣ መሪው ይላላል፣ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፤ ባለቤቱ ግን ስለሚነሣለት ብቻ ደህና ነው ይላል። ይህን ሁሉ ለአንቺ በቁጣ ሳስረዳ ስለ ብረት የማወራ መስሎኝ ነበር።

አንዱን ጌም ብቻ አከበርኩ፤ ብረቱ ዘንበል ያለበት ጎን ጥይቱ ተንሸራቶ የሚሄድበትን። እዚያ ውስጥ ሾፌሩ ይቆስላል፣ ታንኩም መንገድ ላይ ይቆማል፣ የት እንደምትመቺው ማወቅ አለብሽ። ግን የሚጫወቱት በኢንተርኔት ነው፤ የእኛ ኢንተርኔት ደግሞ ስለሚዘገይ ስክሪኑ ላይ የማየው ጠላቴ ያለበትን ሳይሆን የነበረበትን ቦታ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ እየተኮስኩ ስሳደብ ትሰሚኝ ነበር። «እሱ ሄዷል እኮ፤ ማንን ነው የምትመታው?» ትዪኝ ነበር።

የጠፈር ጌሞቹ ላይ ደግሞ ከእኔ የባሰች ነቃፊ አንቺ ነበርሽ፤ ብቻ ሳትቆጪ ትነቅፊያለሽ። ሞተሯን ሲያጠፉባት የምትቆም መንኮራኩር ስታዪ ጆይስቲኩን ቀስ አድርገሽ ታስቀምጪና «ምን ያዛት?» ትያለሽ። አየር በሌለበት ክንፏን አዘንብላ ስትታጠፍ፣ በባዶው ውስጥ ፍንዳታ ሲያስተጋባ፣ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስሕተት ቆጥረሽ ትዘጊዋለሽ። ይህ የጠፈር ጌም አይደለም፤ ሰማዩን ጥቁር ቀለም የቀቡት የአውሮፕላን ጌም ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ በየቦታው የራሴ አድርጌ አወራሁት።

በመጨረሻ የወደድሽው ያንን ማንም የማይጫወተውን፣ ዝግተኛውን፣ ድምፅ የሌለውን ነው። በዚያ ጌም ውስጥ የሚሰማው የፓይለቷ ትንፋሽ ብቻ ነው። መንኮራኩሯን አንዴ ከገፋሻት ማንም አያቆማትም፤ ለማቆም ጀርባዋን ወደምትሄድበት አዙረሽ ሞተሩን መልሰሽ መተኮስ አለብሽ። ስሟን ጻፊ ሲልሽ ኩየራ ብለሽ ጻፍሽ፤ የተወለድሽበትን፣ አባትሽ ሚሲዮኑ ግቢ ያስተማሩበትን። «ኩየራ ተወልደሽ አዳማ እስክትደርሺ ስንት ዓመት ፈጀብሽ፤ አሁን ደግሞ ኩየራን ጠፈር ልትወስጃት ነው?» ብዬ ቀልጄብሻለሁ።

ሕጉ ከባድ ነበር። ጌሙ የሄድሽበትን መንገድ የሚመዘግበው ጣቢያ ውስጥ ገብተሽ ስታቆሚ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ከመጨረሻው ጣቢያ ወዲህ ያደረግሽው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ተጋጭተሽ ከሞትሽ ደግሞ ፓይለቷም መንኮራኩሯም ይሰረዛሉ፤ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ሊዲያ ስትሰማ «ይሄ ጭካኔ ነው» አለች። እኔ ግን ሕጉን ደግፌ ተከራከርኳት፤ በየደቂቃው ማስቀመጥ የሚቻልበት ጌም ፍሬን ሳይኖረው ቦሎ እንደተሰጠው መኪና ነው አልኳት። አሁንም ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። ያቃጠለኝ ልክ መሆኑ ነው፤ የምከስሰው አሳጣኝ።

ጣቢያው ይሽከረከራል። ለመግባት ከእሱ እኩል መሽከርከር ያስፈልጋል። አንቺ ሁለት ጣትሽን ጆይስቲኩ ላይ አሳርፈሽ፣ ከንፈርሽን ነክሰሽ፣ ታስገቢያት ነበር። እኔ ሞከርኩ፣ የራሴን ፓይለት ፈጥሬ፤ አንዴም አልሆነልኝም። ወደ ግራ ስትሄድብኝ ወደ ቀኝ እመታታለሁ፣ ያንን ለማረም ወደ ግራ፣ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ነኝ። «አንተ ሁልጊዜ ታርማለህ» አልሽኝ። «ተወውና ጠብቀው፤ ራሱ ይመጣልሃል።» መተው መቼ ችዬ አውቃለሁ?

ኩላሊትሽ እየደከመ ማስተማሩን ስታቆሚ ነው ወደዚያች ከሁሉ ወደራቀችው፣ ባለ ቀለበት ፕላኔት የተነሣሽው። እዚያ የሚገዛ የለ፣ የሚሸጥ የለ፣ የሚዋጋ የለ፤ ማንም የማይደርስባት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ብቻ አለች። «ታዲያ ምን ልታደርጊ?» ስልሽ «ላያት» አልሽ። ረጅም ጊዜ መቀመጥ ስለማትችዪ ትንሽ ትሄጂና ፖዝ አድርገሽ ትተኛለሽ። ፖዝ ስታደርጊው ትንፋሹም ይቆማል። ሳሎኑ ውስጥ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል።

ሆስፒታል በወሰድንሽ ጠዋት ቀለበቱ የኋላውን በምታሳየው የስክሪኑ ጥግ መግባት ጀምሮ ነበር። ለማቆም እንድትዘጋጅ መንኮራኩሯን አዙረሻት ስለነበር ፊቷ ወደመጣችበት ነው፤ መሐል ላይ የተነሣችበት ፀሐይ እንደ መርፌ ቀዳዳ አንሳ ትታያለች። ሞተሩን ገና አልተኮስሽም። መኪናው በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ ፖዝ አደረግሽውና «እንዳታጠፋው። ስመለስ ራሴ አስገባታለሁ» አልሽኝ።

አላጠፋሁትም። ጉዞውን ስትጀምሪ መብራት ቢጠፋስ ብዬ ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር አገናኝቼ ከሶፋው ጀርባ አስቀምጬ ነበር። ሽቦው ወለል ለወለል ይሄዳል። እንደዚያ ያለ ሽቦ መኪና ላይ ባይ ሰሌዳውን ነበር የምፈታው። ሁለት ሳምንት ያህል ሆስፒታልና ቤት ስመላለስ መብራቱ ስንት ጊዜ ጠፋ፤ ስክሪኑ ግን አንዴም አልጠፋም። ስገባ «በርቷል?» ትዪኛለሽ፤ «በርቷል» እልሻለሁ። ሌላው ሁሉ ሲያስጨንቀን፣ ስለ ምርመራውም ስለ ዶክተሩም መነጋገር ሲያቅተን፣ ይቺ አንዷ ጥያቄና መልስ ነበረችን። በመጨረሻው ቀንም ጠየቅሽኝ። በርቷል ስልሽ እውነቴን ነበር።

ከዚያ መድኃኒት ግዙ አሉኝና ወረድኩ። ስመለስ ዓይንሽን ነርሷ ከድናዋለች። እኔ አልነበርኩም። ይህን ማንም ጥፋትህ ነው አላለኝም፤ ጥፋቴም አይደለም። ግን አልነበርኩም።

ሆስፒታሉ ወረቀቱን እስኪጨርስ ወሬው ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። እኅቴ እትዬ አልማዝ ከአዳማ ብዙ ከማትርቀው ደራ ተነሥታ ከእኔ በፊት ገብታለች። ታውቂያታለሽ፤ የሰው ለቅሶ ላይ ድንኳን ቀድማ የምታስተክል ሴት ናት። እንደ ደንቡ ሳሎኑ መውጣት ነበረበት፤ ሶፋው ወደ ግቢ፣ ጠረጴዛው ወደ ግቢ፣ ፍራሽ ወለሉ ላይ። ለቀስተኛ ሲገባ ስክሪን አብርቶ መገኘት ነውር ነው። ሽቦውን ነቅላ፣ ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይገባበት በአንቺው ጋቢ ጠቅልላ፣ መኝታ ቤት አልጋሽ ላይ አስተኝታዋለች። በደንብ ነው የጠቀለለችው፤ ሕፃን እንደሚጠቀለል።

ስገባ የታየኝ ባዶው ግድግዳ ነው። «ማነው ያጠፋው?» አልኩ። ድጋሚ ጮኼ ጠየቅሁ። አንድ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ትከሻዬን አቅፈው «ማንም አይደለም ወንድሜ፤ ጌታ ነው የወሰዳት» አሉኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ጮኽኩ፤ ሰው ሁሉ ለአንቺ የጮኽኩ መስሎት ክንዴን ያዘኝ። ለአንቺም ነበር። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እትዬ አልማዝን ለወራት አላነጋገርኳትም። ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ምን በደልኩህ?» አለችኝ፤ ታላቄ ሆና ስታባብለኝ ነው እንደዚያ የምትጠራኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ያደረገችው ሁሉ ለአንቺ ክብር ነው። የነቀለችው አንድ ሶኬት ነው። ከዚያች ሶኬት ጋር ጠፈር ውስጥ የሄድሽው መንገድ እንደሄደ እንዴት ይነገራል? «ምንም አልበደልሽኝም» ብዬ ዘጋሁት። ይህን ስላት ድምፄ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ኮምፒውተሩን መልሼ ስከፍተው እንደ ፈራሁት ነው። ኩየራ ብዙ ወዲህ፣ ቀድሞ ካስገባሻት ጣቢያ ውስጥ ቆማለች። ቀለበቱ የለም። ያ ሁሉ፣ ሕመምሽን ችለሽ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እየተቀመጥሽ የሄድሽው፣ የትም አልተመዘገበም። ሊዲያ መጥታ ሳለ ስክሪኑ ፊት አገኘችኝና «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይጎዳሃል፤ ልውሰደው» አለች። መጀመሪያ የሷ ስለነበር ክፉ ቃል አልተናገርኩም። «ተዪው» ብቻ አልኳት።

ልነካት ፈርቼ ኖሬያለሁ። ብነዳትና ባጋጫት ትሰረዛለች፤ ያስቀመጥሽው የመጨረሻው ነገር በእጄ ይጠፋል። ባልነዳት ደግሞ የተነሣሽበት ሳይደርስ እዚያ ቆማ ትቀራለች። በየቀኑ የራሴን ፓይለት ይዤ ማስገባት ተለማመድኩ። አልተሳካልኝም፤ ወደፊትም አይሳካልኝም። ግን እየተለማመድኩ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። የማልችለው መግባት ነው፤ መውጣትማ እችላለሁ። መውጣት፣ መግፋት፣ መጠበቅ፣ ማዞር ለእኔም አይከብድም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሬ ኩየራን ከጣቢያው አወጣኋት። ባትሪዎቹን እንደ ቀድሞው አገናኘሁ። የአንቺዋ ፓይለት ትንፋሽ ሲጀምር እጄን ከጆይስቲኩ አነሣሁ፤ የእኔው ፓይለት ድምፅ ሌላ ስለሆነ ያንን ረስቼው ነበር። ከዚያ ገፋኋት። በያዝሽው አቅጣጫ፣ በያዝሽው ፍጥነት፤ አጠገብሽ ተቀምጬ ስንት ቀን አይቼዋለሁ። አንዴም አላረምኩም። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ስክሪኑ አልጠፋም። ፀሐይዋ እያነሰች ሄደች። አመሻሽ ላይ የቀለበቱ ጫፍ ሲመጣ አዞርኳት፤ ፊቷን ወደመጣችበት። ጥጉ ላይ ያለው ቀለበት ልክ ያን ጠዋት በነበረው መጠን ሲደርስ ፖዝ አደረግሁ። ትንፋሹ ቆመ።

የጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ እንደ ቅዳሜ ልማዱ በሩን ገፍቶ «አካም ጂርታ» ብሎ ገባ። ከሞትሽ ወዲህ ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ሳያወራ ይሄዳል፤ ከማልጣላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ስለሆነ ነው የምነግርሽ። ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና «ይሄ የት ነው?» አለኝ።

«ሩቅ ነው» አልኩት።

«ሰው አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ማን ሄዶ አየው?»

«ማርታ» አልኩት።

«ኤዬ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሻይ አፈላሁለት፣ ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ጣቢያዋ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነች፤ ሞተሩን ብተኩስ ትደርሳለች። ራሴ አስገባታለሁ ብለሽ የነበረውን ላስገባልሽ ፈለግሁ። እጄን አየሁት። ብሞክር እንደ ልማዴ እያረምኩ እንደማጋጫት አወቅሁ። አልተኮስኩም። ያለ ፍሬን እንደምትሄድ ትቻት፣ ከሶፋው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሽቦውን በገዛ እጄ ነቀልኩት። ማንም አልቀደመኝም። ቀስ ብዬ ነው የነቀልኩት፤ ስክሪኑ ሲጨልም ዓይኔን ከላዩ አላነሣሁም።

ማግስቱን ስከፍተው ኩየራ እዚያው የጥንቱ ጣቢያ ውስጥ ነበረች። ቅዳሜን አታውቀውም። አንቺ የሄድሽውን አታውቀውም። ማሽኑ የሚያውቀው የገባውን ብቻ ነው፤ አንቺ አልገባሽም፣ እኔም አልገባሁም። ይህ እንደሚያጽናናኝ አድርጌ አልጽፍልሽም፤ አያጽናናኝም። በዚህ ዓለም ላይ ያን መንገድ እንደሄድሽ፣ የት እንደደረስሽ፣ ፊትሽ ወዴት እንደነበረ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ስንት ዓመት እንደቀረው እንጃ።

እስካለሁ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አወጣታለሁ። እዚያ ድረስ እወስዳታለሁ፣ አዞራታለሁ፣ ትንፋሹ ሲቆም እቀመጣለሁ፣ ራሴ አጠፋዋለሁ። ቀለበቱ በስክሪኑ ጥግ የት ላይ እንደነበረ፣ ፀሐይዋ ምን ያህል እንዳነሰች፣ አልስትም። በዚህ በዚህ እንኳ እመኚኝ፤ ልክ መሆን አውቃለሁ።

ኢንስፔክተርሽ